ዘጠኝ መቶ ሰው ለሚኖርባት መንደር መንገድ ማን ይከፍላል?

ጥያቄውን አስቀድሜ ላስፍር። በጅማ በመንገድ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በመሥራት ላይ ያሉ ጠያቂ እንዲህ ይላሉ፦ «በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ ቱክቶያክቱክ ለምትባል፣ ዘጠኝ መቶ ያህል ሰው ብቻ ለሚኖርባት መንደር መንግሥት በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር መንገድ እንደሠራላት አነበብኩ። እኛ በክፍል የተማርነው የተሽከርካሪው ቁጥር ካልደረሰ መንገዱ አያዋጣም የሚል ነው። ታዲያ እዚያ ማን ፈቀደ፣ ማን ከፈለ፣ በምንስ ስሌት? ለመመረቂያ ጽሑፌ በዴዶ በኩል ካሉ የገጠር መጋቢ መንገዶች አንዱን ስለመረጥኩ፣ ከእነሱ የሚወሰድ ነገር ካለ ቢነግሩኝ።»

መልሱን ከመንገዱ ከራሱ ልጀምር። ስለ ካናዳ፣ ስለ አሜሪካና ስለ ኖርዌይ ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ስጠቅስ ዓመተ ምሕረቱን አብሬ እጽፋለሁ።

ያነበቡት መንገድ ከኢኑቪክ ከተማ ተነሥቶ በአርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ እስካለችው ቱክቶያክቱክ የሚደርስ፣ 138 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጠጠር መንገድ ነው። ግንባታው በጃንዋሪ 2014 ተጀምሮ ኖቬምበር 15 ቀን 2017 ለትራፊክ ተከፈተ። ከዚያ በፊት የመንደሪቱ ሰው በብርዱ ወራት በማኬንዚ ወንዝና በባሕሩ በረዶ ላይ በሚጠረግ መንገድ ይመላለስ ነበር፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ አውሮፕላንና ጀልባ ብቻ ይቀሩታል። ወጪው 300 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 200 ሚሊዮኑን የፌዴራሉ መንግሥት፣ ቀሪውን ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ የሚባለው ግዛት መንግሥት ሸፍኗል። በነፍስ ወከፍ ካሰሉት ለእያንዳንዱ የመንደሪቱ ነዋሪ ከሦስት መቶ ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። በክፍል በተማሩት ስሌት ይህ ፕሮጀክት ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይወድቅ ነበር።

እዚህ ላይ ከገንዘቡ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ አሠራሩ ልናገር፤ አሠራሩ ሳይገባን ወጪውም አይገባንምና። በዚያ አካባቢ ፐርማፍሮስት የሚባል፣ ከላይኛው ስስ ንጣፍ በቀር ከዓመት ዓመት የማይቀልጥ በረዶ ያዘለ አፈር አለ። ይህን አፈር እኛ እንደለመድነው በዶዘር ቆርጠን፣ ከፍታውን አስተካክለን፣ ከጎን አምጥተን እንሙላው ብንል የተቆረጠው ፊት ፀሐይ ያገኘውና ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ወደ ጭቃ ይለወጥና መንገዱን ይዞት ይሰምጣል። ስለዚህ ቆረጣ የሚባል ነገር የለም። ጂኦቴክስታይል የሚባለውን የምሕንድስና ጨርቅ ባልተነካው መሬት ላይ ይዘረጉና ጠጠሩን ከላዩ ይከምሩበታል፤ ይህንንም በአብዛኛው የሚሠሩት መሬቱ ድርቅ ብሎ በረጋባቸው የብርድ ወራት ነው። ከእሱ ቀድሞ በተሠራውና ዴምፕስተር በሚባለው አውራ መንገድ ላይ የጠጠሩ ክምር ውፍረት ከ1.2 እስከ 2.4 ሜትር ይደርሳል። ክምሩ ጭነት ከመሸከም በተጨማሪ ጋቢ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የእኛ ጋቢ ሙቀቱን ሲይዝልን የእነሱ ቅዝቃዜውን መያዙ ነው።

እኛ ጋ ክረምት ግሬደሩ የሚቆምበት፣ መንገዱም የሚበላሽበት ወቅት ነው። እነሱ ጋ ደግሞ መንገድ የሚሠራውም፣ በበረዶ ላይ ያለውም መንገድ የሚከፈተው በብርዱ ወራት ሲሆን፣ ጣጣው የሚመጣው ሲሞቅ ነው። ወቅቱ ይገለባበጥ እንጂ ጠላቱ አንድ ነው፤ ውኃ።

አሁን ወደ ከፋዩ ልመለስ። «ሁለት ሦስተኛውን ፌዴራል፣ አንድ ሦስተኛውን ግዛቱ» ሲባል ግዛቱ ከራሱ ካዝና አውጥቶ የከፈለ ይመስላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የካናዳ ሦስቱ የሰሜን ግዛቶች፣ ማለትም ዩኮን፣ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስና ኑናቩት፣ በየዓመቱ ከኦታዋ የድጎማ ገንዘብ የሚያገኙት በቀመር ነው፦ ግዛቱ በደቡብ ካሉት ክፍለ አገራት ጋር የሚቀራረብ አገልግሎት ለመስጠት ያስፈልገዋል የተባለው ወጪ ይሰላል፤ ከዚያ ላይ ራሱ ሊሰበስብ ከሚችለው ገቢ 70 በመቶው ይቀነሳል፤ ልዩነቱን ፌዴራሉ ይከፍላል። ቀሪው 30 በመቶ የማይቀነሰው ግዛቱ የራሱን ገቢ ለማሳደግ ምክንያት እንዲኖረው ነው። እንግዲህ «ግዛቱ ከፈለ» የተባለውም ገንዘብ ቢሆን ዞሮ ዞሮ ብዙው መነሻው ማዕከሉ ነው። በዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት የነበረ አንድ የፌዴራል የመሠረተ ልማት ፕሮግራም በሰሜን ግዛቶች ለሚሠራ ሥራ የወጪውን እስከ 75 በመቶ ሲሸፍን፣ በደቡብ ላሉ ትልልቅ ከተሞች የሚሰጠው ድርሻ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በ2017 የተቋቋመው ብሔራዊ የንግድ መስመሮች ፈንድም ከነበረው 2 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 400 ሚሊዮኑን ለሦስቱ ግዛቶች ብቻ ለይቶ አስቀምጦ ነበር። ይህ መለየት ቀላል ነገር አይደለም፤ የቶሮንቶ ወደብና የቱክቶያክቱክ ጠጠር መንገድ በአንድ ሚዛን ቢመዘኑ ሰሜኑ አንድም ጊዜ እንደማያሸንፍ አስቀድሞ ማመን ነውና።

«ማን ፈቀደ?» ለሚለው ጥያቄዎ ግን ቀመር መልስ አይሆንም፤ ታሪክ ነው የሚመልሰው። የሰሜን መንገዶች ታሪክ ቢመረመር ለነዋሪው ሲባል ብቻ የተሠራ ትልቅ መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ዲፈንቤከር በ1958 «ወደ ሀብት የሚያደርሱ መንገዶች» የሚል ፕሮግራም አስተዋውቀው ዴምፕስተር በ1959 ተጀመረ፤ በ1961 ግን በአካባቢው ይገኛል የተባለው ነዳጅ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀርና ገንዘቡ ሲነጥፍ ቆመ። በ1968 በአላስካ ፕሩዶ ቤይ ትልቅ የነዳጅ ክምችት ሲገኝ፣ ካናዳ ሰሜኗ በሌላ እጅ እንዳይገባባት በመስጋትም ጭምር መንገዱን እንደገና አነሣችው፤ ወደ 740 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ እስከ ኢኑቪክ ደርሶ የተከፈተው በ1979 ነው። ሃያ ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሥራውን ያቆመውም ያስነሣውም የነዋሪው ቁጥር ሳይሆን የነዳጁ ዜና ነበር።

የቱክቶያክቱኩ መንገድ ደግሞ ምክንያቱ መንገድ ላይ የተለየው መንገድ ነው ብዬ አስባለሁ። ሲታቀድ ከቀረቡት ምክንያቶች ዋነኛው ቦፎርት በሚባለው የአርክቲክ ባሕር ክፍል ያለው ነዳጅና ጋዝ ሲሆን፣ የኑሮ ውድነትን መቀነስና ቱሪዝም ከኋላው ተሰልፈው ነበር። መንገዱ ሊከፈት ዓሥራ አንድ ወር ሲቀረው፣ በዲሴምበር 2016፣ የካናዳ መንግሥት በአርክቲክ ባሕር ላይ አዲስ የነዳጅና የጋዝ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን አወጀ። መንገዱ ሲያልቅ የቀሩት እንግዲህ የመንደሩ ሰው፣ ከደቡብ በጭነት መኪና የሚመጣው ሸቀጥና ውቅያኖሱን በመኪና ደርሶ ማየት የሚፈልገው ጎብኚ ናቸው። እኔ በበኩሌ ነዋሪዎቹ መንገድ በማግኘታቸው ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን «አዋጭነቱ» የተሰላው በአንድ ምክንያት፣ አገልግሎቱ ያለው በሌላ ምክንያት ከሆነ፣ ስሌቱ ምን ያህል እንደሚታመን ይታይዎታል።

ተጠቃሚው ራሱ የሚከፍልበት ጊዜም አለ። በአላስካ ዳልተን የሚባለው 666 ኪሎ ሜትር መንገድ በ1974 በ154 ቀናት ብቻ የተሠራው የነዳጅ ማስተላለፊያውን ቧንቧ ለመዘርጋት ነው፤ ለሕዝብ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1994 ነው። በካናዳ ደግሞ ከኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ዋና ከተማ ከየሎውናይፍ በስተሰሜን ለአልማዝ ማዕድን ማውጫዎች በየዓመቱ በሐይቆች በረዶ ላይ የሚጠረግ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ አለ፤ የሚሠሩትም የሚከፍሉበትም ማዕድን አውጪዎቹ ናቸው። በዚህ መንገድ ላይ ጭነት የያዘ መኪና በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ምክንያቱ ግጭት አይደለም፤ ከባድ መኪና በረዶው ላይ ሲሄድ ከሥሩ ያለውን ውኃ እየገፋ ማዕበል ይፈጥራል፣ ማዕበሉም ወደ ዳርቻው ሲጠጋ በረዶውን ከታች ወደ ላይ ይሰብረዋል። ሾፌሩ የሚያየው ነጭ ሜዳ ብቻ ነው፤ አደጋው ከጎማው ሥር እየተንቀሳቀሰ አብሮት ይሄዳል። በ2006 ብርዱ ሲለዝብ ወቅቱ አጠረና ማዕድን አውጪዎቹ መንገድ ላይ ያልደረሰላቸውን ጭነት በአውሮፕላን ለማጓጓዝ ተገደዱ። ከፍለው የሠሩት መንገድ ቢጠፋባቸው ኪሳቸው ተጎዳ እንጂ የመንግሥት በጀት አልተናጋም፤ በዚህ ረገድ አሠራሩ ንጹሕ ነው።

በሌላው ጫፍ ፖለቲካ ብቻውን የከፈለበትን ማየት ካስፈለገ የአላስካውን የግራቪና ድልድይ ማንሣት ይበቃል። ኬቺካን ከተባለችው ከተማ ፊት ለፊት፣ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያና ሃምሳ ያህል ነዋሪዎች ብቻ ወዳሉበት ደሴት፣ ወደ 398 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ድልድይ ሊሠራ ታስቦ በ2005 የአሜሪካ ምክር ቤት 223 ሚሊዮን ዶላር በስሙ ለይቶ መድቦለት ነበር። ሕዝቡ «የትም የማያደርሰው ድልድይ» እያለ ሲያላግጥበት በ2007 ተሰረዘ። በጣም የሚያስገርመው ግን ከድልድዩ ጋር ሊገናኝ የታሰበው፣ በደሴቲቱ ላይ ያለው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በ25 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ተሠርቶ መጠናቀቁ ነው። ድልድዩ በሌለበት የድልድዩ መዳረሻ ተሠራ። ገንዘቡ ለመንገድ ተብሎ ተለይቶ ስለመጣ ካልዋለ ይመለሳልና። ይህ አስተሳሰብ በሰኔ ወር በጀት ዘጊ መሥሪያ ቤት ለሠራ ሰው ሁሉ እንግዳ አይደለም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ግንባታ ገንዘብ ነው። የእርስዎ ጥያቄም እዚያው ላይ ያቆማል፤ እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይጀምራል ባይ ነኝ። የግንባታ ገንዘብ ምክንያት ካገኘ አንድ ጊዜ በብዛት ይመጣል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። የጥገና ገንዘብ ግን በየዓመቱ፣ ያለ ሪባን መምጣት አለበት፤ በሩቅ ሰሜን የታየው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ የመነጨ ነው።

የአላስካ አውራ መንገድ የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1942 በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ጦር በስምንት ወር ገደማ የጠረገው ይህ መንገድ በአብዛኛው የሚያልፈው በካናዳ ምድር ሲሆን፣ በ1946 የካናዳው ክፍል ለካናዳ ተላለፈ። በዩኮን በኩል ወደ አላስካ ድንበር በሚጠጋው ክፍል ላይ የሚመላለሰው ግን በአብዛኛው የአላስካ ሰው ነው። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች በ1977 ሻክዋክ በሚባል ስምምነት፣ መንገዱ በካናዳ መሬት ላይ ሆኖ፣ የማሻሻያው ወጪ በአሜሪካ እንዲሸፈን ተስማሙ። ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል በዚህ ሄደ። በ2012 የአሜሪካ ምክር ቤት አዲስ የትራንስፖርት ሕግ ሲያወጣ ይህ ገንዘብ ከሕጉ ውስጥ ሳይካተት ቀረ፤ ዩኮን በፐርማፍሮስት መቅለጥ ምክንያት እንደ ማዕበል የሚወጣና የሚወርድ መንገድ ይዛ ቀረች። ጥቅሙ የማን እንደሆነ በትክክል ተለይቶ፣ ከፋዩም በትክክል ተመርጦ፣ የዘላቂነቱ ዋስትና ግን በየጊዜው በሚታደስ ሕግ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የቸርችል ነገር ደግሞ ከቱክቶያክቱክ ጋር ጎን ለጎን ቢታይ ይሻላል፤ እሷም ዘጠኝ መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት፣ በሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ባቡር የደረሰላት በ1929 ነው። መንግሥት መስመሩን በ1997 ለግል ኩባንያ ሸጠ። በ2017 ጸደይ ጎርፍ ሐዲዱን በብዙ ቦታ ሲጠርገው ኩባንያው አልጠግንም አለ፤ ከተማዋም ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በየብስ ተቆርጣ ቀረች። በመጨረሻ በ2018 የአካባቢው ነባር ሕዝቦችና ማዘጋጃ ቤቶች ያሉበት ቡድን መስመሩን ሲገዛ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለዓሥር ዓመት የሚሆነውን የሥራ ማስኬጃ ድጎማ ጨምሮ 117 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። እንግዲህ አንድ ዘጠኝ መቶ ሰው ያላት መንደር አዲስ መንገድ እየተመረቀላት በነበረበት በዚያው ዓመት፣ ሌላዋ ዘጠኝ መቶ ሰው ያላት ከተማ የነበራትን ሐዲድ የሚጠግንላት አጥታ ነበር፤ ለሁለቱም ያለው ማዕከላዊ መንግሥት አንድ ነው።

ኖርዌይ በዕቅድ ከሁሉም የተሻለች ናት ብዬ እገምታለሁ። ብሔራዊ የትራንስፖርት ዕቅዷ የ12 ዓመት ሆኖ በየአራት ዓመቱ ይከለሳል፤ መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ወደቡና አውሮፕላን ማረፊያው በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ፣ በሰሜን ያለው ፕሮጀክትም ተራውን ያውቀዋል። እሷም ብትሆን በ2010 ከ17 ሺህ ኪሎ ሜትር የማያንስ የመንግሥት መንገድ ለክልል አስተዳደሮች ስታስተላልፍ የተጠራቀመውን የጥገና ዕዳ አብራ አስተላልፋለች፤ ዋሻና ድልድይ የሚበዛባቸው የባሕር ዳርቻ ክልሎች ዛሬም ድረስ ይህን ይናገራሉ።

ከሁሉም የወደድኩት አሠራር ትሊቾ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት አካባቢ፣ እዚያው ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ውስጥ የተሠራው ነው። ዋቲ የምትባለውን ትንሽ ማኅበረሰብ ከአውራ ጎዳናው የሚያገናኘው 97 ኪሎ ሜትር መንገድ በኖቬምበር 2021 መጨረሻ ሲከፈት፣ የሠራው ድርጅት አስረክቦ አልሄደም፤ ውሉ ለ25 ዓመት እንዲያስተዳድረውና እንዲጠግነው ያስገድደዋል። ክፍያውም መንገዱ ባለበት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። ተቋራጩ ለጥገናው ራሱ እንደሚከፍል ካወቀ፣ ቱቦውን ሲቀብር የዛሬ ሃያ ዓመት የሚመጣውን ውኃ ያስባል። በአገራችንም በፌዴራል መንገዶች ላይ ይህን መሰል ውል ተሞክሯል፤ ለገጠር መጋቢ መንገድ ግን የውሉ ዝግጅት ብቻ ከመንገዱ የሚበልጥ ስለሆነ እንዳለ ይወሰድ አልልም።

መንገድ ሳይሠሩ መቅረትም የዕቅድ ውሳኔ መሆኑን መጥቀስ ይገባል። በኑናቩት ያሉት 25 ማኅበረሰቦች እርስ በርስም ሆነ ከተቀረው ካናዳ ጋር የሚያገናኛቸው አንድም የመኪና መንገድ የለም። መንግሥት በመንገድ ፋንታ የአውሮፕላን ማረፊያዎችን ይይዛል፣ ወደ ሰሜን የሚጫነውንም ምግብ ዋጋ ይደጉማል። በአሜሪካ የአየር መንገዶች ገበያ በ1978 ነጻ ሲደረግ ለትናንሽ ማኅበረሰቦች በረራ እንዳይቋረጥ የሚደጉም ፕሮግራም አብሮ ተቋቁሟል። ኖርዌይም ከ1893 ጀምሮ በመንግሥት ውል በሚሄድ መርከብ ሰሜኗን አገናኝታለች። ለአገልግሎቱ እንጂ ለግንባታው አለመክፈል ማለት ነው፤ ሕዝቡ በጣም ሲሳሳ ይህ ከጠጠር ይረክሳል። በጅማ ዙሪያ ይህ አይሠራም፤ ችግራችን የሕዝብ መሳሳት ሳይሆን የአፈሩ ጭቃነት ነውና።

እንግዲህ ወደ ዴዶ እንምጣ። እኛ በመርሕ ደረጃ ከእነሱ የምንበልጥበት አንድ ነገር አለ ብል ይገረሙ ይሆናል። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ሐሳቡ የጥገና ገንዘብ ከነዳጅ ላይ ተሰብስቦ፣ ከግንባታ በጀት ተለይቶ፣ በየዓመቱ እንዲመጣ ነበር፤ ዩኮን ለሻክዋክ ያጣችው ዓይነት ዋስትና ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ደግሞ ቀበሌዎችን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። ብዙ ኪሎ ሜትር ተሠርቷል፤ በዓይናችን አይተነዋል። ችግሩ ከዋናው መረብ በታች ያለው የቀበሌ መንገድ በአብዛኛው በወረዳው ትንሽ በጀትና በሕዝቡ ጉልበት ላይ የሚወድቅ መሆኑ ነው፤ የሪባኑ ገንዘብ ከላይ ይመጣል፣ የአካፋው ገንዘብ ታች ይፈለጋል።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ከጅማ ብዙም በማይርቅ የቡና ቀበሌ፣ ገረጋንቲ ከለበሰ ገና ሦስተኛ ክረምቱን በያዘ መንገድ ላይ፣ አንድ የኮንክሪት ቱቦ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ጎርፍ ባመጣው የእንሰት ኮባ ተደፍኖ አገኘሁት። ውኃው መሄጃ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ወጥቶ ይፈስሳል፣ ማዶ በኩል ያለውን ጠርዝም ክንድ በሚያህል ጥልቀት ቆርጦታል። ሁለት ሰው በአካፋና በዶማ በግማሽ ቀን ይጠርገው ነበር። ሪፖርት ጻፍኩ። መልሱ ሲመጣ ለድልድይና ለቱቦ ጥገና የሚሆን የሒሳብ መደብ እንዳለ፣ ለማጽዳት ግን እንደሌለ የሚገልጽ ነበር። በመስከረም ስመለስ ቱቦው ራሱ ተነቅሎ ከመንገዱ በታች ባለው የበቆሎ ማሳ ውስጥ ተጋድሞ አገኘሁት። አሁን የሒሳብ መደቡ ተገኘለት፤ ጥገና ሆኗልና። ወጪውም በዚያው ልክ በብዙ እጥፍ አደገ። ካናዳ ውስጥ የአንድ ግዛት በጀት የሚያናጋው ነገር ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚተልቀው።

ስለ ስሌቱ ጠይቀውኛል። በክፍል የተማሩት የተጠቃሚን የጉዞ ወጪ ቁጠባ ከተሽከርካሪ ብዛት ጋር አባዝቶ የሚሄደው ዘዴ ለአስፋልት አውራ መንገድ የተሠራ ነው። በቀን ሃያ ወይም ሠላሳ መኪና ለሚያልፍበት መንገድ ሁልጊዜ «አያዋጣም» ይላል፤ መኪናው ያልመጣው ግን መንገዱ ስለሌለ ነው። የዓለም ባንክ ዝቅተኛ ትራፊክ ላላቸው መንገዶች ያዘጋጀው ሬድ የሚባለው የኤክሴል ሞዴል መንገዱ የሚዘጋባቸውን ቀኖች በቀጥታ ያስገባል፤ የአምራቹን ጥቅም መነሻ የሚያደርጉ ዘዴዎችም አሉ። ለዴዶው መንገድ እነዚህን ይጠቀሙ። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የዝቅተኛ ትራፊክ መንገዶች ዲዛይን መመሪያም በቀን እስከ 300 ተሽከርካሪ ላለው መንገድ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ንድፉን ከእሱ ይነሡ።

የእኔ ምክር ግን ከመኪና ቆጠራ በፊት የተዘጉ ቀኖችን ይቁጠሩ የሚል ነው። የእኛ አገር ዝናብ ክረምት ሲያልቅ አብሮ አያልቅም፤ እሸት ቡናው ደግሞ መቅላት የሚጀምረው ጭቃው ገና ሳይደርቅ ነው። የተለቀመ እሸት ማደር የለበትም፤ በዚያው ቀን ማጠቢያው ጋ ካልደረሰ ማብላላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል፣ ገበሬውም ወይ በርካሽ ይሸጠዋል ወይ ከነልጣጩ አድርቆ ጀንፈል ያደርገዋል። ስለዚህ ለዚያ ቀበሌ መንገዱ በየካቲት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል የሚለው ትንሽ ጥያቄ ሲሆን፣ በጥቅምት ስንት ቀን ተዘጋ የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። በእሸትና በጀንፈል ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ በተዘጉት ቀኖችና በቀኑ መጠን ሲባዛ፣ የመንገዱን ጥቅም ከመኪና ቁጥር ይልቅ ለእውነት በቀረበ መልኩ ያሳይዎታል። ከዚያ ጎን የሚያስቀምጡት ወጪ ደግሞ የግንባታው ብቻ እንዳይሆን፤ ቱቦ ማጽዳትን፣ ቦይ መጥረግንና በየተወሰነ ዓመት ገረጋንቲ መልሶ ማልበስን በየዓመቱ እየጻፉ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት የሚከፍለውን አካል ስም ያስፍሩ። ስም የማያገኙለት መስመር ካለ ባዶውን ይተዉት፤ ፈታኞችዎ ስለ እሱ ይጠይቁዎት።

የተዘጉትን ቀኖች የመዘገበ መሥሪያ ቤት ላያገኙ ይችላሉ። ወደ ቡና ማጠቢያው ይሂዱና የእሸት መረከቢያ ደረሰኞቹን ለማየት ያስፈቅዱ፤ በለቀማው አጋማሽ ላይ ከዚያ ቀበሌ ምንም ያልገባባቸው ቀኖች ይኖራሉ። ከዚያ መናኸሪያ ወርደው በዚያ መስመር የሚሠሩ የአይሱዙ ሾፌሮችንና ረዳቶቻቸውን ስለ እነዚያው ቀኖች ይጠይቋቸው። በተለይ ረዳቶቹን፤ ጭቃ ውስጥ ወርደው የገፉት እነሱ ናቸው፣ የትኛው ቱቦ ላይ እንደቆሙም በስም ይነግሩዎታል።